በፋሲካ የምትታመም ልጅ

ያች የመጀመሪያዋ የጣሳ ወተት ሲኒ ባትኖር ኖሮ ልጄ እንደ ማንኛውም ሕፃን ወተት ጠጥታ ታድግ ነበር? ይህን ጥያቄ ተሸክሜ ፀጉሬ ሸበተ፤ መልሱን ግን ዛሬም አላውቀውም። ሐኪም ጠይቄበታለሁ፤ መጽሐፍ አገላብጬበታለሁ፤ ያገኘሁት «ሊሆን ይችላል» የሚል ቃል ብቻ ነው። «ሊሆን ይችላል» ደግሞ እንቅልፍ አይሰጥም። ያልተጣራውን ነገር እንደ ተጣራ አድርጎ ማውራት ስለማልወድ፣ ልጄን ያሳመመቻት ያች ሲኒ ናት ብዬ አልምልም። የምምልበት ሌላ ነገር አለ፤ ሲኒዋን ልጄ አፍ ላይ ሲደፉ እኔ እዚያው አጠገቧ ተኝቼ ነበር። ነቅቼም ነበር። ማንም ግን አልጠየቀኝም።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ልጄ ትርንጎ ሐኪም ቤት ገብታ በኦፕራሲዮን ወንድ ልጅ ተገላገለች። እኔ አስታማሚ ሆኜ ከአልጋዋ ግርጌ ተቀምጫለሁ። ሙቀቱ ግድግዳውን ሳይቀር አልቦታል። ከጎረቤት አልጋ በኩል አንድ ሽታ መጣ፤ የሞቀ ውኃ የነካው የዱቄት ወተት ሽታ። ጣፈጥ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ዞር ብዬ ሳላየው ምን እንደሆነ አወቅሁት። አፍንጫ የማይረሳው ነገር አለ፤ ዓይንና ጆሮ የተዉትን አፍንጫ አስቀምጦ ይቆይና አንድ ቀን አውጥቶ ፊት ለፊት ይዘረጋዋል።

ትርንጎ በተወለደችበት ጊዜ መተማ እንዲህ አልሰፋችም ነበር። ድንበር የምንለው ክረምት ውኃ የሚወርድበት፣ በጋ ልጆች ኳስ የሚያባርሩበት ሸለቆ ቢጤ ነበር። ወዲህ እኛ፣ ወዲያ ማዶ ሱዳን፤ ጨው ያነሳት ሴት ተሻግራ ገዝታ ወጡ ሳያር ትመለሳለች። የመንግሥትን ነገር ተዉት፤ አንዱ ሄዶ ሌላው ሲመጣ እኛ የምናውቀው ኬላው ላይ የሚቆመው ሰው ኮፍያ ሲለወጥ ነው። ከመኪና ማቆሚያው ጥግ አንድ ሻይ ቤት ነበረ፤ ባለቤቱ ጠዋት የከፈተውን ካሴት የሚዘጋው ባትሪው ሲደክም ነው። ከወዲያ ማዶ የመጣ የዑድ ዘፈን ነበር፤ ቃሉ ባይገባንም ዜማው ይገባናል፤ ሰሊጥ ስናበጥር የራሳችንን ቃል እየከተትን እንዘፍነዋለን። የወንዶቹ ልብስ ነጭ ጀለቢያ ነው። እኛም የደጋ ልጆች ብንሆን ሙቀቱ ሲበረታ ቀሚሳችን ላይ የሱዳን ቶብ መጠምጠም ጀምረን ነበር። የኔ ብርቱካንማ ነበረ፤ ባሌ ገብሬ ትራክተር እየነዳ ካገኛት የመጀመሪያ ክፍያው የገዛልኝ። እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ እናደርጋለን፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከሙቀቱ የተነሣ ላስቲኩ ይለሰልስና የእግራችንን ቅርጽ ይይዛል። ዛሬ የልጅ ልጅ የደረሱ ሴቶች ስንገናኝ ያችን ጫማ እያነሣን እንስቃለን።

ከዚያ ሁሉ ዕቃ ክብር የነበረው ግን የጣሳ ወተት ነበር። ከሱዳን በኩል በኮንትሮባንድ ይመጣል፤ እኛም እንደነሱ «ለበን» እንለዋለን። ጣሳው ላይ ጉንጩ የተነፋ ቀይ ሕፃን ይስቃል። አንድ አጫጅ ሳምንቱን ሙሉ ወገቡን ሰብሮ ውሎ የሚያገኘው ገንዘብ ለአንዲቱ ጣሳ ቢበቃ ነው። ስለዚህ አራስ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው እጁ ላይ ጣሳ ካለ ከሩቅ ይታያል፤ እንዲታይም አድርጎ ነው የሚይዘው። ወተቱ ሲያልቅ ጣሳው አይጣልም። አንዱ የሰሊጥ መስፈሪያ ይሆናል፤ ሌላው የሚስማር ማስቀመጫ፤ የተረፈው ተወልውሎ መደርደሪያ ላይ ይሰለፋል፤ ሕፃኑ ወደ እንግዳው እንዲስቅ ፊቱ ወደ ውጭ። ጣሳ የተደረደረበት ቤት የደላው ቤት ነው። እንዲህ ባለ አገር ነው እኔ የመጀመሪያ ልጄን የወለድሁት።

ምጤ ረዘመ። ገብሬ በትራክተሩ ተሳቢ ላይ ፍራሽ ዘርግቶ እስከ ትልቁ መንገድ አወጣኝ፤ ከዚያ የጭነት መኪና ለምኖ ሐኪም ቤት አደረሰኝ። የሐኪም ቤቱን ስም አልጽፍም፤ ያዩኝ ሰዎች ነፍሴን አትርፈዋል፤ ይህን የምክድ ሰው አይደለሁም። ብዙ ደም ፈሰሰኝ፤ ልጅቱ ግን ጮኻ ወጣች፤ ክፍሉን የሚሞላ ጩኸት። አማቴ እማማ አገሬ ከአጠገቤ አልጠፉም። እሳቸው ከደንቢያ ወርደው ቆላ የከረሙ፣ እጃቸው የማያርፍ፣ አንደበታቸውም የማያርፍ ሴት ነበሩ። ከምርቃታቸው ቀጥለው መጀመሪያ ያደረጉት ጡቴን ይዘው ማለብ ነው። ወፍራም፣ ቢጫ፣ እንደ ማር የሚጎተት ነገር ወጣ፤ በጨርቅ ተቀበሉትና ጠርገው ጣሉት።

«እንገር ነው። የልጅ ሆድ ያበላሻል» አሉ።

እዚህ ላይ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ላም ስትወልድ እንገሩን አፍልተን፣ ጎረቤት ጠርተን፣ ማንኪያ ተሻምተን እንበላዋለን! ጥጃው ሳይጠባ ውሎ ከሞተ «እንገር አጥቶ ነው» እንላለን። ለጥጃ መድኃኒት የሆነው ለሰው ልጅ እንዴት መርዝ ሆነ? ማን ነው ይህን መጀመሪያ ያለው? ይህን የምጠይቀው ዛሬ ነው። ያን ጊዜ ግን አማቴ ፊት ድምፅ አውጥቼ የማልናገር ሙሽራ ነበርሁ። በኛ ወግ ምራት አማቷ ፊት አትበላም፣ አትስቅም፣ ስትጠየቅ እንኳ የምትመልሰው በአንገቷ ነው። እኔም ወጉን ጠንቅቄ የያዝሁ ነበርሁ።

ከዚያ ነርሷ መጣች። ልጅ እግር ናት፤ ደክሟታል፤ ብዙ ሰው ይጠራታል።

«ሲስተር፣ ወተት የላትም መሰለኝ» አሏት አማቴ።

ነርሷ ጡቴን አላየችም። መሬት ላይ የተጣለውን ጨርቅም አላየችም። የልጅቱን ጩኸት ሰማች፣ የኔን መንጣት አየች፣ ገብሬ ገዝቶ ከራስጌዬ ያኖረውን ጣሳ አየች፤ «በቃ ከጣሳው እንስጣት፤ እሷም ትረፍ» አለች።

«እሰይ የኔ ልጅ፣ ተባረኪ! ለበን ነው ለልጅ!»

በቡና ሲኒ በጠበጠችው። ልጄ መጀመሪያ አንገቷን ዞር አደረገች፤ ጉንጯን ይዘው መለሷት፤ ዋጠች፤ ተኛች። ሁለቱም ደስ አላቸው። እኔ ደግሞ ቀሚሴ ደረቱ ላይ ርሶ ነበር። አማቴ አዩትና ወንዶች ሲገቡ እንዳይታይብኝ ብለው ነጠላ አለበሱኝ። ወተት የላትም የተባለችውን ሴት ወተት በነጠላ ሸፈኑት ማለት ነው! እዚያው ላይ ደግሞ፣ ልክ ለመሆን ያህል ልንገራችሁ፣ በማግስቱ አማቴ በጣታቸው ጫፍ ቅቤ አውጠዋታል፤ ያገሩ ልማድ ነውና። ስለዚህ ሲኒዋ ብቻ ናት የማልለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቤት ከገባን በኋላ ጣሳው አለቀ። ገብሬ ሌላ የሚገዛበት አልነበረውም። ልጅቱን መልሰው አስታቀፉኝ፤ እሷም ምንም እንዳልተፈጠረ ጠባች፤ ወተቴ እየፈሰሰ ፍራሹን ያርሰው ነበር። ቢሆንም ወሬው ቀድሞ ወጥቷል። «የገብሬ ሚስት ወተት አልነበራትም፤ ልጅቱን ያዳናት ለበን ነው።» ወፍጮ ቤት ስሄድ አንዷ፣ «አንች፣ ጣሳ ባይኖር ምን ይውጥሽ ኖሯል?» ትለኛለች፤ ሌላዋ ቀበል አድርጋ «ባሏን ትሸጥ ነበራ!» ትላለች፤ ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ሳቁ ውስጥ ግን «ደረቅ» የሚል ቃል ነበር፤ ሴት ልጅ ላይ ከሚለጠፉ ስሞች ከባዱ። ልጅቱ ጡቴ ላይ ተንጠልጥላ እያዩኝ ነበር እኮ ደረቅ የሚሉኝ!

ትርንጎ መቀመጥ ስትጀምር የላም ወተት ቀመሰች። ከንፈሯ አበጠ፤ ገላዋ ሳማ እንደ ነካው ተንደበደበ። «ምች ነው» ተባለ፤ ዳማከሴ ተጨመቀላት፤ አደረና ለቀቃት። ደግሞ ቀመሰች፤ ደግሞ ምች ሆነ። ደግሞ ዳማከሴ። ከዚያ ዓይን ነው ተባለ። ከዚያ ጥርስ ልታወጣ ነው ተባለ። አንድም ሰው «ዛሬ ምን በላች?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም ብሆን በሰው ሁሉ ፊት ደረቅ የተባልሁ እናት ስለ ወተት ምን አፍ አለኝ?

ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋሉት አማቴ ናቸው፤ ዓይናቸው አይስትም ነበር። «አስተውላችኋል? ይች ልጅ በጾም ትወፍራለች፤ በፍስክ ትከሳለች» አሉ። እውነት ነበር። ልጅ እንደማይጾም እናውቃለን፤ ነገር ግን በሁዳዴ ቤታችን ውስጥ ወተትም ቅቤም ስለማይገባ እሷም ከኛ ጋር ሽሮና ተልባ ትበላለች፤ ገላዋ እንደ ሐር ይለሰልሳል፤ ትስቃለች። ፋሲካ ሲደርስ ትታመማለች። በፍልሰታ ትድናለች፤ ፍልሰታ ሲፈታ ትታመማለች። የገና ጾም ሲገባ ትስቃለች፤ በገና ፊቷ ያብጣል። አማቴ ያዩት ነገር ልክ ነበር። የደመደሙት ግን፣ «እግዜር ለራሱ መርጧታል፤ የጾም ልጅ ናት፤ ፍስክ አያስነካትም» የሚል ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ልጄ የኔ ብቻ መሆኗ ቀረ። ጎረቤት የታመመበት፣ ከብት የጠፋበት፣ ልጁ ሱዳን ሄዶ የቀረበት ሁሉ «ትርንጎን እስቲ አምጡልን» ይል ጀመር። ትንሽ እጇን ራሳቸው ላይ ያስደርጓታል። አንድ ባሕታዊ በመንደሩ ሲያልፍ አሳዩትና «ስታድግ ለገዳም ነው፤ ለሌላ አታስቧት» ብሎ ሄደ። አማቴ ዕልል አሉ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ፤ የታመመ ልጅ ጻድቅ ተደርጎ ሲከበር ማየት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ። በሽተኛ ቢሏት ኖሮ መድኃኒት ይፈለግላት ነበር፤ ጻድቅ ስላሏት ግን ማሳከኩም፣ ማበጡም፣ ትንፋሿ ማጠሩም ክብሯ ሆነ። ሲያሳክካት ሌሊቱን ሙሉ የምታቅፋት እኔ ነኝ እንጂ ባሕታዊው አይደለም!

የአንዱ ፋሲካ ዕለት ጠዋት ይኸው እንደ ትናንት ነው። ከወሎ የመጣች ጎረቤታችን፣ ዘነቡ የምትባል፣ ሆደ ቡቡ ሴት፣ ቤታችን ገባች። ልጅቱ ደጃፉ ላይ ቂጣዋን ይዛ ተቀምጣለች።

«ኧረ በስመ አብ! በፋሲካ ልጅ ቂጣ ታስገምጣላችሁ?» አለች።

«የጾም ልጅ ናት፣ ተያት» አሏት አማቴ ከውስጥ።

«ልጅ የጾም የለው! ክርስቶስ ተነሥቷል፣ እማማ አገሬ፤ እርስዎ ራስዎ ዶሮውን ሲበሉ ይች ምን በደለች?»

ይህን ብላ ይዛ ከመጣችው ሣህን አይብ በጣቷ ጨልፋ ልጄ አፍ ውስጥ ከተተችላት። በፍቅር ነው ያደረገችው፤ እኔ ከጓዳ ስወጣ ጣቷን እየላሰች ትስቅ ነበር። ብዙም አልቆየ። ልጄ ጉሮሮዋን ያዘች። ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠፋ። የትንፋሿ ድምፅ ወንፊት ውስጥ የሚያልፍ ነፋስ ሆነ። ገብሬ አንሥቷት ሮጠ፤ አዲሱን የፋሲካ ጀለቢያውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ባዶ እግሩን፣ በሻይ ቤቱ ጥግ፣ በመኪና ማቆሚያው በኩል። እኔ ከኋላው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር በዓሉን ከቤቱ ነበር፤ ከማዕድ ተነሥቶ እጁን ሳይታጠብ መጣ፤ መርፌ ወጋት። ቆይቶ ትንፋሿ ተመለሰ። ዘነቡ ደጅ ላይ መሬት ተቀምጣ ደረቷን ትመታለች፤ «ገደልኋት! በእጄ ገደልኋት!» እያለች። እሷን አልተቀየምኋትም። አይብ ሕፃን ይገድላል ብሎ የነገራት ማን ነው? ለእኔስ የነገረኝ ማን ነው?

ያን ቀን ገብሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቱን ተናገረ። «እማየ፣ ገዳም አላስገባትም። ጎንደር ነው የምወስዳት» አላቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን አነሡና «እኔም እሄዳለሁ» አሉ።

ጎንደር ያገኘነው ሐኪም ወጣት ነበር፤ ቸኩሎ የማይናገር። ልጅቱ የምትበላውን አንድ በአንድ ጠየቀ። ጾምና ፍስኩን ስንነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠና ሳቀ፤ በኛ ግን አልሳቀም። «እናንተ ለኔ የሚሆነውን ምርመራ ጨርሳችሁ ነው የመጣችሁ። የላም ወተት አይስማማትም፤ አለርጂ ነው። የሚስማማትን ጾሙ ሲያሳያችሁ ኖሯል» አለ። ከዚያ እኔን አየኝ። «ስትወለድ የጣሳ ወተት ተሰጥቷት ነበር?»

እኔ አፌን ሳልከፍት አማቴ መለሱ። «አዎን ጌታው፣ እናቷ ወተት አልነበራትም፤ ለበን ነው ያተረፋት።»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ጣሳውም የተሠራው ከላም ወተት መሆኑን አስረዳን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ተሰጥቶ ከዚያ ሲቋረጥ፣ የአንዳንድ ሕፃን ገላ ያን ወተት እንደ ጠላት መዝግቦ ሊያስቀምጠው እንደሚችል፣ ከወራት በኋላ ሲመለስበት እንደሚዋጋው፣ ስለዚህ ያለ ምክንያት ባይሰጥ እንደሚሻል ነገረን። «ግን በዚች ልጅ ላይ ያ ነው ብዬ ልፈርድ አልችልም። ጣሳ ቀምሰው ምንም የማይሆኑ ሞልተዋል፤ ሳይቀምሱም አለርጂ የሚይዛቸው አሉ። እናቲቱ ወተት ካልነበራትማ ምን ይደረግ?» አለ።

ምን ይደረግ! ወተት ነበረኝ፤ እንዴት አድርጌ ልንገረው? አማቴ በአንድ በኩል፣ ባሌ በሌላ በኩል ቆመዋል። ከሙሽርነቴ የተረፈው ዝምታ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ማንበብ የጀመርሁት በዚያ ምክንያት ነው። ብስኩቱ፣ ዳቦው፣ ከረሜላው ውስጥ ወተት ይኑር አይኑር ሰው መለመን ሰለቸኝ፤ የዕቃውን ጀርባ ራሴ ማየት ፈለግሁ። ልጄ ቀን ስትማር እኔ ማታ ተማርሁ፤ ከወታደርና ከጎረምሳ ጋር አንድ ዴስክ ተቀምጬ፣ እየሳቁብኝ። የሰዋስው መምህሬ «እትየ፣ እርስዎ ነጥብ ሲቀር ያምዎታል እንዴ?» ይለኝ ነበር። አዎን፣ ያመኛል። አንድ ሰው ሳያጣራ «የላትም» ብሎ በተናገረው ቃል ዕድሜዬን የኖርሁ ሴት ነኝ። በኋላ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ሆንሁ፤ እዚያው ሸበትሁ። ሻይ ቤቱ ፈረሰ፤ ዑዱ ያለበት ካሴት የት እንደገባ እንጃ፤ ጣሳው ግን ይኸው አለ። ከሸሕዲ እስከ አብርሃ ጅራ ሱቁ ሁሉ ውስጥ ሕፃኑ ዛሬም ጉንጩን ነፍቶ ይስቃል፤ እኔ አርጅቻለሁ፣ እሱ አላረጀም። አማቴ በሰላም አረፉ፤ እወዳቸው ነበር። ገብሬም ተከተላቸው። ትርንጎ አደገች፤ ቅቤው ቀለል አለላት፤ አይብና ወተት ግን ዛሬም አትነካም። መምህርት ሆናለች። ስለ ራሷ ስትጠየቅ የምታወራው ታሪክም አላት፤ «እናቴ ወተት አልነበራትም፤ እኔ የጣሳ ልጅ ነኝ» ትላለች፤ እየሳቀች። በሳቀች ቁጥር አንድ ነገር ይወጋኛል። አላርማትም።

እናም ወደዚያ ሐኪም ቤት ልመለስ። ከትርንጎ አልጋ በላይ ግድግዳው ላይ ጡት የምታጠባ እናት ሥዕል ተለጥፏል። ከሥዕሉ ሥር፣ መስኮቱ ላይ፣ ጣሳ ተቀምጧል፤ የአማቼ፣ የትርንጎ ባል፣ ስጦታ፤ ሊረዳን ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ የገዛው። ሥዕሉና ጣሳው እዚያው ተያይተው ውለዋል፤ ማንንም አላስጨነቀም! ሕፃኑ አለቀሰ። ነርሷ ገባች፤ ለዚያ ሁሉ አልጋ እሷ ብቻ ናት።

«ወተቷ እስኪመጣ ከጣሳው ትንሽ እንርዳው?» አለች።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልኋት። «በሕክምናው በኩል የሚያስፈልገው ነገር አለ? ስኳሩ ወርዷል? ደክሟል? ካለ ንገሪኝ፣ ዝም እላለሁ።» እናቱ የሞተችበትን፣ ከሲታ ሆኖ የተወለደውን፣ የሚያስፈልገውን ሕፃን ያዳነች ጣሳ የተባረከች ትሁን፤ ጠቤ ከእሷ ጋር አይደለም።

«የለም እናት፣ እሱ ደኅና ነው። ለክተነዋል። ስለሚያለቅስ፣ እሷም ስለደከመች ብዬ ነው እንጂ። ቤተሰብም ይጠይቀናል፤ ካልሰጠን ይቆጡናል።»

«ሳትጠይቁ ስትሰጡስ የሚቆጣ የለም?» አልኋት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ከጎን ያሉት አስታማሚዎች ዞር አሉ። ነርሷ ደነገጠች፤ እውነትም እሷ ምን አደረገች? ቁጣዬ እሷ ሳትወለድ የተነሣ ነው። «ውኃ ላሙቅና እመጣለሁ፤ እስከዚያ ተነጋገሩ» ብላ ወጣች።

ትርንጎ ከትራሷ ቀና አለች። «እማየ፣ ምን ሆነሻል? ተያት፣ ትስጠው። እኔም እንዳንች ነኝ።»

«እንደኔ ምን?»

«ወተት የለኝማ። አንች አልነበረሽም፤ እኔም አይኖረኝም። በዘር ነው እኮ። ከትናንት ጀምሮ ሳስበው ነበር።»

ያ ቃል ልጄንም ወርሶ እንደተቀመጠ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የኔ መስሎኝ ነበር፤ እኔ ተሸክሜው የምሞተው።

«ወተት ነበረኝ» አልኋት።

አየችኝ።

«ነበረኝ፣ ትርንጎ። አያትሽ እንገሩን አልበው ደፉት፤ ነርሷ ጡቴን ሳታይ ከጣሳው እንስጣት አለች፤ ሁለቱም አጠገቤ ቆመው ነው። ቀሚሴ ርሶ ነጠላ ነው ያለበሱኝ። ጣሳው ሲያልቅ እኔን ጠብተሽ ነው ያደግሽው፤ በእግርሽ እስክትሄጅ ድረስ።»

«አባየ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም ነበር።»

«እማማ አገሬስ?»

«እሳቸው ያመኑትን ነው የተናገሩት።»

«እና እስከ ዛሬ! እኔ ለሰው ሁሉ ሳወራ፣ ፊትሽ ላይ ስስቅ…» ተቆጥታ ነበር፤ በእኔ ይሁን፣ ስለ እኔ ይሁን አልለየሁትም። «ለምን አልነገርሽኝም?»

ሕፃኑ እንደገና አለቀሰ። ትርንጎ ቁስሏን በአንድ እጇ ደግፋ ወደ ጎን ዞረች፤ ሌላውን ዘረጋችልኝ። አቀበልኋት። ልብሷን ገለጥ አድርጋ ራሷ ጡቷን ጨመቅ አደረገችው፤ ጫፉ ላይ ወፍራም ቢጫ ጠብታ ወጣች። ሁለታችንም አየናት።

ነርሷ የሞቀውን ውኃ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«እናቴ ወተት ነበራት» አለቻት ትርንጎ፣ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ።

ነርሷ ግራ ገብቷት አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች። «አልገባኝም፤ ምን አሉኝ?»

«ነበራት ነው የምልሽ። አሁን ነይና እንዴት እንደምይዘው አሳዪኝ።»